ተመላላሽ

ካርዴ ላይ አንዲት ቃል «ተመላላሽ» ትላለች፤
ተኝቶ ለሚድን ፎቅ ላይ አልጋ አለች፤
ለኔ ግን ወንበር ናት፣ አንድ እግሯ ያነከሰች፣
ስቀመጥ ጮኻ ስነሳ ዝም ያለች።

ዤኖቬቫ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት
ለልጆች አስተማርኩ የቁጥር ትምህርት።
ጡረታ ስወጣ መደመሩ ቀረ፣
ቀኔ ከራሱ ላይ መቀነስ ጀመረ፤
መጀመሪያ እንቅልፌን፣ ቀጥሎ ምሳዬን፣
ኋላም ለጎረቤት በሬን መክፈቴን።
ሐኪሙ «ድባቴ» አለው። እኔ ስም አልሰጠሁት፤
ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት።

ኮሪደሩ አንድ ነው፣ መስኮቱ ግን ሁለት፤
ግራው እንደኔ ላሉ፣ ኪኒን ለሚቆጥሩት፤
ቀኙ ደግሞ ለነዚያ፣ መርፌ ለለመዱት፣
ሜታዶን በትንሽ ኩባያ ሊጠጡት፣
ምላስ አንስተው ለነርሷ ለዙልሚራ
መዋጡን ሊያሳዩት።

አደሊኖ ከቀኞቹ ነው። ሥራው ጀልባ ላይ ይውላል፤
ባሬሮ የፈታውን ገመድ ሊዝበን ያስረዋል፣
ሊዝበን ያሰረውን መልሶ ይፈታል።
እሱ በየቀኑ ይመጣል፣ እኔ ማክሰኞና ዐርብ፤
ወንበሬ ለሰልፉ ቅርብ።
«ጀልባዋም» አለኝ አንድ ቀን፣ «ተመላላሽ ናት፣
ቴዦን ስትሻገር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
እስካሁን አንድ ሰው ‹መቼ ነው የምትድኚው?› ብሎ አልጠየቃት።»
ሳቅሁ። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤
ጉሮሮዬ ውስጥ የዝገት ድምፅ ነበረው።

ወንድሜ ቴልሞ ይላል፣ «አንዱን በአንዱ መተካት ምኑ ነው መዳን?»
«ምርኩዝህ ሱስ ሆነ» የሚለው ማን አለ፣ እግሩ የተሰበረን?

በጥር አንድ ዐርብ ጉም ወረደ።
ወንዙ ጠፋ። ድልድዩ ጠፋ። ማዶው ከካርታ ተፋቀ፤
ጀልባው ሁሉ እንደ ከብት በየችካሉ ታስሮ ማለዳው አለቀ።
ቀኙ መስኮት የሚዘጋው በስድስት ሰዓት ነው።
አምስት ተኩል ሆነ። ከሰልፉ የጎደለው እሱ ነው።

ግድግዳው ላይ የጉበት ሥዕል አለ፣ ጠርዙ የተላጠ፤
ሥሩ የቆመ ጎረምሳ ጥፍሩን ነክሶ ነክሶ፣ ደም ሲያይ ደነገጠ።
ኪኒኔ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ተራዬም አልፏል፤
መሄድ ይቻላል።
ስንት ወር ባዶ ቤት ጠበቅሁ፤
ሰው መጠበቅ እንዴት እንደሆነ ረሳሁ።
ወንበሯ ጮኸች። ቁጭ አልኩ።

ስድስት ሲሆን ዙልሚራ መዝጊያውን ወደ ታች ሳበች፤
ቦርሳዬን ደፉ ላይ አኖርኩት። አየችኝ። ሰዓቷን አየች።
አልተነጋገርንም።
ላረፈደ ልጅ ሠላሳ አንድ ዓመት በር የዘጋሁ ሴት ነኝ፤
ያን ቀን ምን እንደነካኝ እኔንም ገረመኝ።

በሰባተኛው ደቂቃ ገባ።
በአውቶብስ ዞሮ፣ ድልድዩን በሩቁ ተሻግሮ፣ የቀረውን በእግሩ፤
ያዛጋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ላብና ጉም አንድ ላይ ይንጠባጠባል ከፀጉሩ።
«በዚያ ሰውዬ በር አለፍኩ» አለ። ዱሮ ዱቄት የሚገዛበት በር።
አንኳኩቶ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጨመረ ሌላ ነገር።
ዙልሚራ ቀዳች። ጠጣ። ከፍቶ አሳያት አፉን፣
እንደ ልጅ ምላሱን አንስቶ፣ ሁለት ጥርስ የጎደለበትን።

ስንወጣ ጉሙ ሳስቷል፤ ከወንዙ የጀልባ ጥሩምባ ተሰማ።
«ማክሰኞ?» አለኝ።
«ጉም ካልሆነ» አልኩት፣ የኔ ቤት እንኳ ሁለት መንገድ ነው ከዚያ፣
ወንዝ የለው፣ መሻገሪያ።

ቤት ገባሁ። ሩዝ ቀቀልኩ።
አልጣፈጠኝም።
በላሁት።